«የአመድ ማሰሮ» ወይስ «የዐፅም ሙዳይ»?
ከባሌ ደጋ ስለ ተነሣ አንድ የስያሜ ጥያቄ

በስያሜ ሥራ ላይ የተሠማራ ሰው ከሚገጥሙት ችግሮች አንዱ፣ በሕዝቡ ኑሮ ውስጥ ለሌለ ነገር ስም እንዲያወጣ ሲጠየቅ ነው። ለመኪና ዕቃ፣ ለመድኃኒት ወይም ለሕግ ጽንሰ ሐሳብ ስም መፈለግ የለመድነው ተግባር ነው። በዚህ ረገድ የተሳሳተ ቃል ቢመረጥ አንባቢ ይሥቃል ወይም ይደናገራል እንጂ አያለቅስም። ከዚህ በታች የሚቀርበው ቃል ግን በአንድ ቤት ሲያስለቅስ የታየ ነው። ይኸውም በባዕድ አገር አስከሬን በእሳት ከተቃጠለ በኋላ የሚቀረው የሚቀመጥበት፣ ሮማውያን ኡርና ያሉት፣ እንግሊዞችም ከዚያው ወስደው ኧርን የሚሉት ዕቃ ስም ነው።

ጥያቄው የተነሣው በጎባ ከተማ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በሮቤና በጎባ በሚነገረው አማርኛና ኦሮምኛ መካከል ያለውን የቃላት መወራረስ ለመመልከት ወደ ባሌ ደጋ በሄደበት ጊዜ፣ ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ አንዲት እናት ዘንድ ተጠርቶ አንድ ወረቀት እንዲያነብላቸው ተለመነ። ወረቀቱን የላከችው በውጭ አገር የምትኖር ልጃቸው ናት። ባሏ የውጭ አገር ሰው ሲሆን፣ በወጣትነቱ በጎባ ጥቂት ዓመታት በመምህርነት የሠራና እናቲቱም እንደ ልጃቸው የሚያዩት ነበር። ከመሞቱ በፊት አስከሬኑ እንዲቃጠል ተናዞ ስለ ነበር እንደ ኑዛዜው ተፈጸመ። ልጅቱ እናቷን ከኀዘኑ ላለማራቅ በማሰብ፣ የቀብር አገልግሎት የሚሰጠው ድርጅት በአማርኛ አስተርጕሞ ያሳተመውን መግለጫ ከነሥዕሉ ልካ፣ «እማዬ፣ አንቺ ምረጪለት» የሚል ማስታወሻ ጨምራበታለች። የመግለጫው አርእስት «የሚወዱትን ሰው ስብዕና የሚያንጸባርቅ የአመድ ማሰሮ ይምረጡ» ይላል።

አንብቤ ስጨርስ እናቲቱ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጄ፣ ማሰሮ ነው ያልከው?» አሉኝ።

«አዎን እማማ፣ ማሰሮ ነው የሚለው።»

«ማሰሮ የወጥ ነው። ምን በደለና ነው በማሰሮ የሚገባ?» አሉና ወረቀቱን አጥፈው ከፍራሻቸው ሥር ከተቱት። ለልጃቸውም መልስ ሳይልኩ ሳምንታት አለፉ። ልጅቱ ደግሞ ዝምታውን እናቷ በባሏ አስከሬን መቃጠል ተቆጥተው እንደ ሆነ አድርጋ ትረዳው እንደ ነበር በኋላ ሰማሁ። እናቲቱን ያስከፋቸው ግን የእሳቱ ነገር አልነበረም፤ እርሱን «የአገራቸው ወግ ነው» ብለው አልፈውታል። ያስከፋቸው ቃሉ ነው። የተርጓሚውን ሥራ ለመንቀፍ ሳይሆን፣ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ወደ ፊት በብዛት እንደሚመጣ ስለሚታወቅ አርእስቱን ቃል በቃል መመርመሩ ይጠቅማል። በአሜሪካ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሚቀበረው ይልቅ የሚቃጠለው አስከሬን በልጧል፤ በብሪታንያ ከአራቱ ሦስቱን ያልፋል፤ በጃፓን ሁሉም ለማለት ይቻላል። ወገኖቻችንም በነዚህ አገሮች ይኖራሉ፣ ይጋባሉ፣ ይሞታሉ።

በመጀመሪያ «የሚወዱትን ሰው» የሚለውን እንመልከት። በእንግሊዝኛው ይህ አነጋገር ሟችን በቀጥታ ሟች ላለማለት የሚነገር የትሕትና ቃል ነው። በአማርኛ ግን «የሚወዱት ሰው» ሲባል ግሡ የአሁን ጊዜ ነውና፣ የሚሰማው በሕይወት ስላለ ሰው ነው። ስለዚህ አርእስቱን በቀና ልብ የሚያነብ አማርኛ ተናጋሪ፣ ከልጆቹ ወይም ከወንድሞቹ አንዱን አስቦ ገና ሳይሞት ዕቃ እንዲመርጥለት እንደ ተጠየቀ ይቆጥረዋል። ይህ በአገራችን ሟርት ነው። ቋንቋችን ለዚህ የራሱ መንገድ አለው፤ «ያረፉት»፣ «የተለየን»፣ «በሞት የተለዩን» ይላል። እንግሊዝኛው ሞትን በፍቅር ሲሸፍነው አማርኛው በመለየት ይሸፍነዋል። ተርጓሚው መሸፈኑን እንጂ ሽፋኑን መውሰድ አልነበረበትም።

ሁለተኛው «ይምረጡ» ነው። ስለዚህ ቃል ብዙ የምለው የለም፤ ቃሉ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ በአገራችን ልማድ ከሞት እስከ ቀብር ያለው ጊዜ አንድ ቀን ወይም ከዚያም ያነሰ በመሆኑ፣ ሣጥኑንም ሆነ ድንኳኑን የሚያዘጋጀው በአብዛኛው እድር በመሆኑ፣ ኀዘንተኛ ተቀምጦ ዕቃ የሚመርጥበት ሰዓት አይኖርም። «ይምረጡ» የሚለው የገበያ ቃል በኀዘን ቤት ጆሮ ላይ ሻካራ ሆኖ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ማሰሮው እንምጣ። ከማሰሮ ጋር የሚነሣው ተቃውሞ የወጥ ቤት ዕቃ ነው የሚል ብቻ ከሆነ በቂ አይደለም። የላቲኑ ኡርናም በመሠረቱ የውሃ መቅጃ ነው፤ የፈሳሽ መስፈሪያም ሆኖ የአንድ አምፎራን ግማሽ፣ ማለት 13 ሊትር ያህል ይይዝ ነበር። ከወንዝ ወደ መቃብር የተሻገረው በሮማውያን የዘመናት ልማድ ነው። ያው ዕቃ ዕጣ መጣያና ድምፅ መስጫም ስለ ነበር፣ ዛሬ ፈረንሳይኛና ጣሊያንኛ የምርጫ ሣጥንንና የሟች አመድ መያዣን በአንድ ስም ይጠራሉ። (እኛ ለምርጫው ኮሮጆን ስንወስድ የኮሮጆ ግልበጣን ያህል ነገር ይከተለዋል ብሎ የገመተ አልነበረም። ስም ከወጣ በኋላ የራሱን ኑሮ ይኖራል።) እንግዲህ ዕቃው ከማድ ቤት መምጣቱ ነውር አይደለም። ነገር ግን ሮማውያን ሙታናቸውን በዐይናቸው ፊት እያቃጠሉ፣ በእጃቸው እየለቀሙ ወደ ኡርናው ያስገቡ ነበር፤ ቃሉ ከነገሩ ጋር አብሮ አደገ። የጎባዋ እናት ግን ነገሩን አላዩትም። ከነገሩ የሚደርሳቸው ቃሉ ብቻ ስለ ሆነ፣ ቃሉ ይዞት የሚመጣውን ሥዕል ሁሉ እንደ ነገሩ አድርገው ይቀበሉታል። ማሰሮ ሲባል እሳት ላይ የሚጣድ ጥቁር ሸክላ ይታያቸዋል። አስከሬን በእሳት መቃጠሉን አስቀድሞ ለሰማ ሰው ደግሞ ማሰሮ የሚለው ቃል ሰውየውን ሁለተኛ እንደሚጥደው ማስተዋል ያስፈልጋል።

«አመድ» የሚለውም ቃል እንደዚሁ ሊመረመር ይገባል። በአማርኛ አመድ የመናቅና የከንቱነት ቃል ነው። ውለታው የተረሳ ሰው «እጄ አመድ አፋሽ» ይላል፤ ንብረቱ የጠፋበት «አመድ ሆነ» ይባላል፤ «አመድ በዱቄት ይሥቃል» የሚለውም ተረት የወራዳውን ትዕቢት ለመግለጥ የሚነገር ነው። በኀዘን ውስጥ አመድ ቦታ ያለው ማቅ ለብሶ አመድ ነስንሶ ሲባል ነው፤ ይኸውም የቋሚው እንጂ የሟቹ አይደለም። ቋሚው በራሱ ላይ ይነሰንሰዋል። ሟቹ ግን በአማርኛ አመድ አይሆንም፤ አፈር ይሆናል፣ ትቢያ ይሆናል፣ ዐፅም ይሆናል። በብሉይ ኪዳን እንኳ የሞዓብ ንጉሥ የኤዶምን ንጉሥ ዐፅም ማቃጠሉ በትንቢተ አሞጽ የተጠቀሰው እንደ ታላቅ በደል ነው። የኢያቢስ ገለዓድ ሰዎች የሳኦልንና የልጆቹን ሥጋ ቢያቃጥሉም ዐፅማቸውን ሰብስበው በክብር እንደ ቀበሩ በአንደኛ ሳሙኤል መጨረሻ ተጽፏል። በዚህ ታሪክ የክብሩ ሥራ የተፈጸመው በአመዱ ሳይሆን በዐፅሙ ላይ ነው።

እዚህ ላይ የነገሩን አሠራር ማወቁ ለቃሉ ምርጫ ወሳኝ ሆኖ እናገኘዋለን። በዘመናዊ ማቃጠያ ውስጥ ሙቀቱ ከ760 እስከ 980 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል፤ አንድ አስከሬን ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይቆያል። ሥጋውና ሣጥኑ ተንኖና ነዶ በጢስ መውጫው ይሄዳል። የሚቀረው ዐፅም ነው፤ እርሱም ነጣ ብሎ፣ ደርቆ፣ ተሰባብሮ ይወጣል። ከቀዘቀዘ በኋላ በመፍጫ ተፈጭቶ እንደ ደቃቅ አሸዋ ይሆናል። በኬሚስቶች አነጋገር አብዛኛው ካልሲየም ፎስፌት ነው። የአንድ ጎልማሳ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ሦስት ሊትር ከጥቂት የሚይዝ ዕቃም ይበቃዋል። ስለዚህ እንግሊዝኛው በልማድ አመድ የሚለው ነገር በእውነቱ የተፈጨ ዐፅም ነው። ጃፓናውያን ይህን በትክክል ያውቁታል፤ ዐፅሙን ሳይፈጩ ዘመዶች በእንጨት መልቀሚያ እያነሡ ወደ ዕቃው ያስገባሉ፣ ዕቃውንም የዐፅም ማሰሮ እንጂ የአመድ ማሰሮ አይሉትም። እኛ ዐፅም ብንል እንግሊዝኛውን እንለቃለን እንጂ እውነቱን አንለቅም።

በተጨማሪም ዐፅም በአገራችን ቋንቋ ከቦታ ወደ ቦታ ሊሄድ፣ አደራ ሊሰጥ፣ ዘግይቶ ሊያርፍ የሚችል ነገር ነው። ፍልሰተ ዐፅም የሚለው የቤተ ክርስቲያን ቃል ይህን ይመሰክራል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዐፅም በ1984 ዓ.ም. ተቆፍሮ ከወጣ በኋላ በአዲስ አበባ በበዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ዓመታት ቆይቶ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሲቀበር፣ ዐፅም የሚለው ቃል በሕዝቡ አፍ የነበረውን ክብር ያስታውሷል። አመድ በዚህ ቦታ ሊተካው አይችልም ነበር።

እንግዲህ ዐፅም የሚለው ክፍል ከተገኘ የሚቀረው የዕቃው ስም ነው። በስያሜ ሥራ እንደ ተለመደው በመጀመሪያ በራሱ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በግእዝ፣ ከዚያም በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች መፈለግ፣ ከውጭ መዋስም የመጨረሻው መሆን አለበት። በአማርኛ ገንቦ፣ እንስራና ጋን ለፈሳሽ የተለዩ ናቸው፤ የጋን መብራት ከሚለው ዘይቤ በቀር ጠላና ውሃን የሚረሱ አይደሉም። መሶብ ክዳን ያለው፣ የከበረና የቤት ጌጥ ቢሆንም የእንጀራ ነው። መና የነበረበት ዕቃ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የወርቅ መሶብ ተብሎ ስለ ተተረጎመና መሶበ ወርቅም የእመቤታችን ምሳሌ ስለ ሆነ ለዚህ ማዋሉ ድፍረት ይሆናል። ሣጥን ቅርብ ነው፤ ግን የሬሳ ሣጥን ስለ ያዘው ይደባለቃል። ደግሞም ሣጥን በራሱ ሙሉውን ሰው የሚወክል ቃል ሆኗል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀው አውሮፕላን 157 ሰዎችን ከጨረሰ በኋላ፣ መጋቢት 8 ቀን በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የኢትዮጵያውያኑ ሥርዓተ ቀብር ሲፈጸም አሥራ ሰባቱ ሣጥኖች ባዶ ነበሩ። ባዶ ቢሆኑም ሣጥን ተባሉ፣ ተለቀሰባቸውም። ይህን ቃል ለሦስት ሊትር ዕቃ ማሳነስ አይገባም።

በግእዝ ቀሱት የሚል ቃል አለ፤ ፍችው እንስራ፣ ማድጋ፣ የውሃ ዕቃ ነው። «ቀሱተ ዐፅም» ማለት ለሊቃውንት ጆሮ ያምራል። ነገር ግን ቀሱትን የሚያውቅ ሰው ከመቶ አንድ አይገኝም፤ ጎባ ላይ ወረቀት የሚያነብላቸው ሰው የሚፈልጉ እናት ደግሞ ስሙን የሚተረጕምላቸው ሁለተኛ ሰው መፈለግ የለባቸውም። በግእዝ ቃል የሚመካ ስያሜ አውጪ ይህን ፈተና ሁል ጊዜ ከፊቱ ቢያስቀምጥ መልካም ነው።

ወደ ኦሮምኛ ስንሄድ በባሌ አመድ ዳራ ይባላል፤ የሸክላ ማሰሮ ኦኮቴ ነው፤ ስለዚህ የአማርኛው ችግር ሁሉ እዚያም ይደገማል። በላዩም ዳራ የሚለው ድምፅ በዛሬው አማርኛ መነሻ ሁኔታ ለሚል ፍች ተይዟል። ከኦሮምኛው ለጥያቄያችን ብርሃን የሚሰጠው ሲዳ የሚለው ቃል ነው፤ የመታሰቢያ ድንጋይ፣ ሐውልት ማለት ነው። ስያሜ ባይሰጠን ከአርእስቱ የቀረውን አስቸጋሪ ክፍል፣ «ስብዕናን የሚያንጸባርቅ» የሚለውን ለመረዳት ሲዳው ጠቅሞኛል።

ከሻሸመኔ ተነሥቶ በኮፈሌ፣ በአሳሳ፣ በዶዶላና በአዳባ በኩል ወደ ሮቤ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ የአርሲና የባሌ ኦሮሞ መቃብሮችን ያያል። ድንጋዮቹ የተጠረቡና የተቀረጹ ናቸው፤ ብዙዎቹም በደማቅ ቀለም የተቀቡ ናቸው። ሟቹ በፈረስ ተቀምጦ ጦርና ጋሻ ይዞ ይታያል። ገዳይ ከነበረ አንበሳው፣ ጎሹ ወይም ዝሆኑ አብሮ ይሣላል፤ ከብቶቹም ይኖራሉ፤ በኋለኞቹ ድንጋዮች ላይ ጠመንጃ ጦርን ተክቷል። የደቡብ ኢትዮጵያን ትክል ድንጋዮች አዛይስና ሻምባር የተባሉ ፈረንሳውያን በ1931 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የደቡብ ኦሮሞን ባህል ደግሞ ጀርመናዊው ኤይከ ሐበርላንድ በ1963 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሥራ ለምርምር አቅርበውታል። በእስልምና ሊቃውንት ዘንድ በመቃብር ላይ የሰውን ምስል መሥራት የማይወደድ ቢሆንም፣ የሚሠሩት ሰዎች እስላሞች ናቸው፤ ወጉም ጸንቶ ኖሯል።

እነዚህን ድንጋዮች ያየ ሰው፣ «እነሆ የሟቹን ስብዕና የሚያንጸባርቅ መታሰቢያ በባሌ አለ» ለማለት ይቸኩላል። እኔም በመጀመሪያ እንዲሁ ብዬ ነበር። ነገር ግን ድንጋዮቹን እርስ በርሳቸው ባስተያየሁ ጊዜ ፈረሰኞቹ ተመሳሳይ ሆነው አገኘኋቸው። ሟቹ ተጫዋች ወይም ዝምተኛ፣ ቸር ወይም ቋጣሪ እንደ ነበር ድንጋዩ አይናገርም። የሚናገረው ምን እንደ ሠራ፣ ምን እንደ ገደለ፣ ምን እንደ ነበረው ነው። ይህን ባሕርይ አንለውም፤ ግብር እንለዋለን። በአማራውም ሆነ በኦሮሞው ዘንድ የነበረው የፈረስ ስም ከዚሁ ወገን ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ሲባሉ፣ ስሙ በመታጠቅ፣ በመበዝበዝ፣ በመዳኘት፣ በመላ ይገልጣቸዋል እንጂ ምን ይወዱ እንደ ነበር አይነግረንም። ሙሾውም እንደዚሁ ነው፤ አልቃሿ የሟቹን እጅ፣ የሟቹን ደጅ፣ የሟቹን ጦር ትጠራለች። በአጭሩ ለመናገር ከፈለገች ደግሞ «ሰው ነበር» ትላለች።

የመግለጫው ሥዕሎች ግን ሌላ ነገር ናቸው። አንዱ ዕቃ የጎልፍ መጫወቻ መያዣ ይመስላል፤ አንዱ መጽሐፍ፣ አንዱ ሞተር ብስክሌት፣ አንዱ ዓሣ ነው። እነዚህ ስለ ግብርም ስለ ባሕርይም አይናገሩም፤ ሟቹ በትርፍ ጊዜው የወደደውን ይናገራሉ። በምዕራቡ ዓለም ይህ በቀልድ የሚደረግ አይደለም። ሲግመንድ ፍሮይድ በ1939 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ሲሞት፣ ዐፅሙ የገባው ማሪ ቦናፓርት በሰጠችው ጥንታዊ የግሪክ ሸክላ ዕቃ ውስጥ ነው፤ ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ የጥንት ዕቃ ይሰበስብ ነበርና ወዳጆቹ ተገቢ ሆኖ አገኙት። የፕሪንግልስን የድንች ጥብስ ማሸጊያ የፈለሰፈው አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ባወር በ2008 እ.ኤ.አ. ሲሞት ደግሞ፣ በራሱ ፈቃድ ከዐፅሙ ከፊሉ በዚያው ማሸጊያ ውስጥ ሆኖ ተቀበረ። የባወር ነገር ለሚሥቅ ሰው አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ፦ አንድ የአዳባ ሽማግሌ የገደሉትን አንበሳ፣ ባወር የፈለሰፈውን ቆርቆሮ ይዘው ቢያርፉ ልዩነቱ ምንድር ነው? ባወርስ ከሌሎቹ ይልቅ ወደ አዳባው ድንጋይ ይቀርባል፤ የያዘው ግብሩን ነውና። የጎልፍ መያዣው ግን ዝንባሌ ነው።

ስለዚህ በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ውስጥ ተርጓሚው ሊለያቸው የሚገቡ ነገሮች ተጠቅልለዋል ማለት ነው። ሰው የተፈጠረበት ባሕርይ አለ፤ ይህ ቃል በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከባድ ሸክም ስለ ተሸከመ ለዕቃ ማስታወቂያ አይሆንም። በኑሮ የሚታየው ጠባይ አለ፤ ለመጥፎው አዘንብሎ የሚነገረው ዐመል አለ፤ የሠራው ግብር አለ፤ የወደደው ዝንባሌ አለ። ስብዕና የሚለው ቃል፣ ሰብእ ከሚለው የወጣ እንደ መሆኑ መጠን፣ ሰው መሆንን ያመለክታል። በሥነ ልቡና መጻሕፍት ለጠቅላላው ጠባይ መዋሉ የሚነቀፍ አይደለም። በተራው ሰው አፍ ግን «ስብዕናው ተነካ» እንደሚባለው ከክብር ጋር የተያያዘ ነው። «ስብዕናውን የሚያንጸባርቅ ማሰሮ» ሲባል የጎባዋ እናት የሰሙት፣ የሰውየው ክብር በማሰሮ ተለካ የሚል ነው። ማንጸባረቅ ራሱም የመስተዋትና የብርሃን ግሥ ስለ ሆነ ከኀዘን ጋር አይሄድም፤ የሚስማማ ወይም የሚገባ ብንል ይበቃል።

ስለ ድርጊቱም ስም አንድ ቃል ልጨምር። ግብአተ መሬት ከሚለው የተለመደ አነጋገር ተነሥቶ «ግብአተ እሳት» ለማለት የሚፈተን ተርጓሚ ይኖራል። በአሰካኩ የማይነቀፍ፣ በፍችው ግን እጅግ የሚያስፈራ ነው፤ ሰሚው ገሃነመ እሳትን ያስባልና። ቃጠሎም የአደጋ ቃል ነው። ከዚህ ይልቅ «አስከሬን ማቃጠል» የሚለውን ግልጥ ቃል መያዝ ይሻላል። ለቦታውም «የአስከሬን ማቃጠያ» ማለት ይበቃል። ነገሩ ለእኛ እንግዳ ነው፤ እንግዳን ነገር በሚያምር ቃል መሸፈን አንባቢውን ማታለል ይሆናል።

ለዕቃው ስም እንግዲህ የማቀርበው «የዐፅም ሙዳይ» የሚለውን ነው። ሙዳይ በአማርኛም በሐረሪም የሚታወቅ፣ ከሣር የሚሰፋ፣ ክዳን ያለው፣ ጌጥና የከበረ ጥቃቅን ነገር የሚቀመጥበት ዕቃ ነው። ምግብ አይበላበትም፣ እሳት አያውቀውም። በቤት ውስጥ ከፍ ባለ ቦታ ይቀመጣል፤ መጠኑም ለሦስት ሊትር የራቀ አይደለም። ሙዳየ ምጽዋት በሚለው የቤተ ክርስቲያን አጠራር ቃሉ ከሣር ስፌት ወጥቶ ከእንጨትና ከብረት ለሚሠራ መያዣ ስለ ዋለ፣ ከነሐስም ሆነ ከሸክላ ለሚሠራው ዕቃ ለማስፋፋት መንገዱ ተጠርጓል። የሚነሣው ተቃውሞ ሙዳይ የሴት ዕቃ ነው የሚለው ነው። እውነት ነው፤ የጦረኛን ዐፅም በሙዳይ ማስቀመጥ ለአንዳንድ ሰው ላይዋጥ ይችላል። እኔ ግን ሙሾውን የሚያወጡት፣ ጋቢውንና ፎቶግራፉን የሚያስቀምጡት ሴቶች በሆኑበት አገር ይህን እንደ ጉድለት ለመቍጠር አልቻልሁም። አርእስቱም እንግዲህ «በሞት ለተለየዎ ሰው ጠባይና ዝንባሌ የሚስማማ የዐፅም ሙዳይ ስለ መምረጥ» ይሆናል። ትእዛዙ ወደ አርእስትነት መለወጡን አንባቢ ያስተውል።

ከሮቤ ወደ ጎባ ያለው መንገድ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወደ አዲስ አበባ ከመመለሴ በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ሄድሁና የታረመውን አርእስት ለእናቲቱ አነበብሁላቸው።

«ሙዳይ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ትልቅ ነው ትንሽ?»

«ይህን ያህላል እማማ» ብዬ በእጄ አሳየኋቸው።

ወረቀቱን ከፍራሹ ሥር አውጥተው ሥዕሎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው እያስነኩኝ አስነገሩኝ። የነሐሱን፣ የመስተዋቱን፣ የመጽሐፉን አለፉ። ጌጥ በሌለው የእንጨት ሙዳይ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። «ይኸ ከምን እንጨት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ወረቀቱ አይልም። «ጥድ ከሆነ እሱ ይሁን በላት። ያንን የደጁን ጥድ የተከለው እሱ ነው» አሉ። ማስታወሻውን በእርሳቸው ቃል ጻፍሁት።

ለመዝገበ ቃላት የሚቀርበው አገባብ የሚከተለው ነው፤ አንባብያን አስተያየታቸውን እንዲልኩ ይለመናሉ።

ሙዳይ፣ የዐፅም (ስ.) — አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ የሚቀረው የተፈጨ ዐፅም የሚቀመጥበት ክዳን ያለው ዕቃ፤ ከእንጨት፣ ከሸክላ፣ ከነሐስ፣ ከመስተዋት ይሠራል። ዐፅሙ ለዘመዶች ሲከፋፈል የሚያዝበት አነስተኛው፦ የዐፅም ሙዳይት። የባልና የሚስት ዐፅም በአንድነት ለሚቀመጥበት ገና ስም አልተገኘለትም።